ከወንዙ አፍ የመጡት ብልቃጦች

ስደት ሲባል ሰው ሁሉ በጨለማ መውጣት ይመስለዋል። እኔ ወሎ ካለችው ሐይቅ ከተማ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ታናሽ እህቴ ጦይባ የአራት ዓመት ልጄን ፊርዶስን «ነይ ጀልባ እንይ» ብላ ወደ ውሃው ዳር ይዛት ሄደች። እኔ በጓሮ በር ሻንጣዬን አወጣሁና ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ልጄን አልተሰናበትኳትም። ካለቀሰች እግሬ አይነሳም ብዬ ነው። እውነቱን ከጻፍኩ አይቀር ሁሉንም ልጻፈው፤ ሚኒባሱ ሐይቁን ተከትሎ ሲዞር ሁለቱንም ከሩቅ አየኋቸው፤ የጦይባን ቢጫ ሻሽ፣ የልጄን ቀይ ጃኬት። ሾፌሩን ቁም አላልኩትም።

«የአራት ዓመት ልጅ ትታ የምትሄድ ምን ዓይነት እናት ናት?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጦይባም ፊት ለፊት ባትለኝም ብላኛለች። ነገሩ እንዲህ ነው። ዲቪ ሞላሁ፣ ደረሰኝ። ፊርዶስንም ፎርሙ ላይ አስመዝግቤያት ነበር። ለልጅ ፓስፖርት ግን የአባት ፈቃድ ይጠየቃል፤ አባቷ ደግሞ እሷ ሳትወለድ ሳዑዲ ገብቶ እዚያው ጠፍቷል። ፓስፖርት ቢሮው መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«አባት የለም?»

«አለ፤ የት እንዳለ ግን አላውቅም።»

«ከሞተ የሞት ማስረጃ አምጪ።»

«አልሞተም እኮ።»

«እንግዲያው እሱን አምጪው።»

ፍርድ ቤት ሄድኩ። ቀጠሮ፣ እንደገና ቀጠሮ። የዲቪው ዓመት ደግሞ መስከረም ሃያ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ፀሎትም አይከፍተውም። የእኔ ቪዛ ወጣ። ልጅቷን ብቻዬን እንዳሳድግ የሚፈቅደው የፍርድ ቤት ወረቀት ቀኑ ባለፈ በሳምንቱ እጄ ገባ። ኤምባሲ በር ላይ ፎርም የሚሞላ አንድ ሰው «አንቺ ግቢ፤ ከገባሽ በኋላ ትስቢያታለሽ፤ ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው» አለኝ። ያንን ሰው እስከዛሬ አስበዋለሁ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሁለት ዓመት ሲል እንዴት ቀለል አድርጎ እንዳለው ብታዩት እናንተም ታምኑት ነበር።

ሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ጣቢያ የተቀበለችኝ ጫልቱ ናት። የባሌ ሮቤ ልጅ ናት፤ አብራኝ ትሠራ የነበረች ሴት ዘመድ ስለሆነች በስልክ ብቻ እንተዋወቅ ነበር። ካፖርት ይዛልኝ መጥታ ነበር። ገና በሩ ሲከፈት ነፋሱ አፌ ውስጥ ገብቶ ጥርሴን አሳመመኝ፤ ጥርስ በብርድ እንደሚታመም እኔ በምን አውቄ? ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር ያሉት ረጃጅም ፎቆች ውስጥ አንዲት መኝታ ቤት አካፈለችኝ። ታች ያሉት ሱቆች የሶማሌ ናቸው፤ ሩዝ አዝዘሽ ጎኑ ላይ ያልተላጠ ሙዝ አስቀምጠው ይሰጡሻል። መጀመሪያ ቀን ሙዙን ለመንገድ የሰጡኝ መስሎኝ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ጫልቱ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ጥር ላይ እዚህ ሐይቅ ድንጋይ ይሆናል። ሰዎች ፒክአፕ መኪና እየነዱ መሃሉ ድረስ ይገባሉ፤ በረዶውን በስተው፣ ላዩ ላይ የእንጨት ጎጆ አቁመው፣ ቁጭ ብለው ዓሣ ያጠምዳሉ። ለጦይባ ስነግራት «እታለም፣ ብርዱ ራስሽ ላይ ወጥቷል» አለችኝ።

የራሴን ቤት ለመከራየት ስሞክር ደግሞ የአከራይ ቢሮዋ ሴትዮ ከዚህ በፊት ያከራየኝን ሰው ስልክ ጠየቀችኝ።

«ተከራይቼ አላውቅም። በአባቴ ቤት ነው የኖርኩት።»

«እሺ፣ የአባትሽን ስልክ።»

«አባቴ ሞቷል።»

«አዝናለሁ» አለች፤ ከልቧ ያዘነች ትመስላለች። «ታዲያ ጥሩ ተከራይ እንደነበርሽ ማን ይመሰክርልሻል?»

አባቴ መቃብር ውስጥ ሆኖ ለምስክርነት ተጠራ። ከጫልቱ ጋር ኖርኩ።

ሁለት ዓመት ብሉሚንግተን ባለ ሆቴል ውስጥ ላንድሪ ሠራሁ። አንሶላ ነው፤ ከማሽን አንሶላ ይወጣል፣ ታጥፎ ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል። አገር ቤት ሰባት ዓመት የዓሣ ባለሙያ ነበርኩ። ሐይቁ ዳር ባለችው ትንሽ የምርምር ቢሮ ሥራዬ የዓሣ ሆድ ከፍቶ ምን እንደበላ ማየት ነበር። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ጫጩት ሳለ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ዓይን የማያያቸው ነፍሳትን ይበላል፤ አደግ ሲል ትቶአቸው አረንጓዴውን የውሃ ዝቃጭ ይጀምራል። ያንን ቀን በቀን እየተከታተልኩ እመዘግብ ነበር። ይህን ለሆቴሉ ሱፐርቫይዘር ስነግራት «ዋው» ብላ ሌላ ጋሪ አንሶላ ገፋችልኝ።

ጫልቱ በትርፍ ሰዓቷ ፕሊማውዝ ያሉ ቢሮዎች ታጸዳለች። አንድ ቀን ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ገባች።

«ራቢያ! ያ ረቢ፣ ያንቺን ዓሦች አየሁ!»

«የምን ዓሦች?»

«ብልቃጥ ውስጥ! ይህችን የሚያህሉ» አለች ጣቷን እያሳየች፤ «በመደርደሪያ ሞልተዋል። ሰውዬውን፣ ቤቴ ውስጥ የዓሣ ሆድ የምትከፍት ሴት አለች አልኩት።»

ሰውዬው ግሬግ ይባላል። የላቦራቶሪው ሥራ አስኪያጅ ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር አንዲት ዓሣ አስቀምጦ መቁረጫውን ሰጠኝ። እጄ ሁለት ዓመት አንሶላ ሲያጥፍ ከርሞ እንኳ አልረሳም። ሆዷን ሳልበጥስ አወጣሁት፣ ከፈትኩት፣ የበላችውን በየዓይነቱ ለየሁለት። «ሰው ይህን ሥራ ፈልጎ ሲመጣ ገና ዛሬ አየሁ» ብሎ ሳቀ። በማግሥቱ ቀጠረኝ። ያን ዕለት ላይት ሬይል ባቡር ውስጥ ሆኜ ብቻዬን አለቀስኩ፤ ደስታ መሆኑን ያወቅኩት ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

ብልቃጦቹ የሚመጡት ከሩቅ፣ ከባሕር ዳር ነው። ወንዝ ባሕር የሚገባበት፣ ጨዋማውና ጣፋጩ ውሃ የሚደባለቅበት ቦታ አለ፤ ኤስቹሪ ይሉታል፤ እኔ ለጦይባ የወንዝ አፍ እያልኩ ነው የምነግራት። ዓሦች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት እዚያ ነው። ጥፍር የምታህለዋ ጫጩት የምትበላው ውሃው ውስጥ የሚዘሉትን የአሸዋ ፍሬ የሚያካክሉ ነፍሳት ነው። ጣት ስታህል እነዚያ አይበቋትም፤ ወደ ታች ትወርድና ደለሉ ውስጥ የሚኖሩ፣ ሽሪምፕ የሚባሉ ባለብዙ እግር ትንንሽ እንስሳትን ትጀምራለች። መዳፍ ስታህል ሌላ ዓሣ ትውጣለች። እያንዳንዱ ለውጥ በጊዜው መምጣት አለበት። ትልቅ አፍ ይዛ በትንሹ ነፍሳት ብቻ ልኑር ያለች ዓሣ ትከሳለች፤ ክረምቱን አታልፍም።

ሥራዬን ወደድኩት። ያገለገለች ኮሮላ ገዝቼ ፕሊማውዝ ድረስ በበረዶ ድራይቭ ማድረግ ለመድኩ። የፊርዶስን ማመልከቻ ያስገባሁት ግን ገና ላንድሪ ሳለሁ ነበር። መልሱ «ደርሶናል፣ ጠብቂ» የሚል ነው። ስልክ ስደውል «የርስዎ ጉዳይ በተለመደው የጊዜ ገደብ ውስጥ ነው» ይሉኛል። የተለመደው ስንት ነው ስል፣ እሱም እየተለወጠ ነው።

ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ እዚያ ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን መኪናውን እያሞቅኩ እደውላለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ስልኩን እየነጠቀች «እማ፣ መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ጦይባ «ነይ አናግሪያት» ብላ ትጠራታለች። በሦስተኛው ዓመት አንድ ቀን «ጦይባን እማ ነው የምላት፤ አንቺን ራቢያ ልበልሽ?» አለችኝ። በይኝ አልኳት። ምን ልበል?

ከዚያ ጦርነቱ ወሎ ደረሰ። ስልክ ተቋረጠ። ያንን ጊዜ ለማያውቀው ሰው መጻፍ አልችልም፤ የሚያውቀው ደግሞ ማንበብ አያስፈልገውም። ሥራ እሄዳለሁ፣ ብልቃጥ እከፍታለሁ፣ ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ እደውላለሁ፤ ጥሪ አይቀበልም ይላል። ጫልቱ ከፈጅር ጀምራ ዱዓ ታደርግልኝ ነበር፤ የእሷም ቤተሰብ አገር ሰላም አልነበረም። መስመሩ ሲከፈት የጦይባን ድምፅ አላወቅኩትም፤ ሻክሯል። «አለን» አለች። «በእግር ወጥተን ተመለስን፤ አለን። ልጅሽ አለች።» ፊርዶስ ስልኩን ስትይዝ የነገረችኝ ሳምንቱን በሙሉ ቆሎ እንደበሉና ጦይባ የራሷን ድርሻ «ጥርሴን ያመኛል» እያለች ለእሷ እንደሰጠቻት ነው። ጦይባ ጥርሷን አሟት አያውቅም።

አሁን ወደ ክፉው ነገር ልምጣ።

በአራተኛው ዓመት አንድ ትልቅ ሥራ መጣ። ከአንድ የወንዝ አፍ፣ ከሦስት ቦታ የተያዙ ዓሦች ናቸው። አንደኛው ከላይ፣ ከወንዙ በኩል ነው፤ ሁለተኛው ከባሕሩ ጠርዝ፤ ሦስተኛው አንድ ፋብሪካ ውሃውን ከሚለቅበት አጠገብ። ያሠራው ራሱ ፋብሪካው ነው፤ ፈቃዱን ለማሳደስ። የሁለቱ ቦታ ዓሦች እንደተማርኩት ናቸው፤ ጥፍር የሚያህሉት ነፍሳት፣ ጣት የሚያህሉት ሽሪምፕ። የሦስተኛው ቦታ ጫጩቶችም ደህና ነበሩ። ጣት ወደሚያህሉት ስደርስ ግን አንዱን ከፈትኩ፣ ባዶ። ሁለተኛውን፣ ባዶ። ሦስተኛው ሆድ ውስጥ ለእድሜው የማይሆኑ ሁለት ሦስት የጫጩት ነፍሳት አሉ። ደለሉ ሞቷል ማለት ነው። ዓሦቹ ወደ ታች ወርደው የሚበላ አላገኙም።

ግሬግ ወረቀቱን አይቶ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ራቢያ፣ ባዶዎቹን ከስሌቱ እናወጣቸዋለን። ባዶ ሆድ ስለ አመጋገብ ምንም አይናገርም።»

«ይናገራል እንጂ። አልበሉም ይላል።»

«መረብ ውስጥ ሲጨናነቁ ተፍተውት ይሆናል።»

«የተፋ ዓሣ ሆዱ ላላ ይላል፤ እነዚህ ተኮማትረዋል። ሐሞታቸውን እየው፣ ሞልቶ አረንጓዴ ሆኗል። ሲበሉ ነው ሐሞት የሚፈስሰው። እነዚህ ከመያዛቸው በፊት ለቀናት አልበሉም።»

ወረቀቱን አገላበጠ። ጨካኝ ሰው አይደለም፤ በጦርነቱ ጊዜ ፈቃድ ሳልጠይቅ ቤት የላከኝ እሱ ነው። «የበሉትን ብቻ ነው የምንቆጥረው» አለ በመጨረሻ። «ሠንጠረዡ ላይ ስምሽ ስላለ ፊርማሽን እፈልጋለሁ።»

በዚያው ሳምንት ከኢሚግሬሽን ደብዳቤ መጥቶ ነበር። የፊርዶስ ማመልከቻ አለፈ፤ ቀጥሎ ልጅ ማሳደግ የምችል መሆኔን የሚያሳይ የአሠሪ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ያንን ደብዳቤ የሚጽፈው ግሬግ ነው። እሱ ይህን እንደ ማስፈራሪያ አላነሳብኝም፤ ማንሳት አላስፈለገውም። ፈረምኩ። ደብዳቤውን በማግሥቱ ጻፈልኝ፤ ታማኝና ጠንቃቃ ሠራተኛ ናት ይላል። ጠንቃቃ የምትለውን ቃል መኪና ውስጥ ሆኜ ደጋግሜ አነበብኳት።

ለጫልቱ አልነገርኳትም። ለጦይባም።

በዓመቱ ብልቃጦቹ እንደገና መጡ። ከሦስተኛው ቦታ የመጡት በቁጥር አንሰዋል፤ ያሉትም ሳይከፈቱ ያስታውቃሉ፤ ጭንቅላታቸው ትልቅ፣ ገላቸው ቀጭን። አሁን ጫጩቶቹ ሆድ ውስጥም ብዙ ነገር አልነበረም። አሥራ ሦስት ዓሣ ከፍቼ መቁረጫውን አስቀመጥኩ። አምና እውነቱን ጽፌ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አንድ ሰው አንድ ነገር ያደርግ ነበር፤ ላያደርግም ይችላል፤ ግን አልጻፍኩም። ግሬግ ቢሮ ገባሁ።

«የአምናው ፊርማዬ ልክ አልነበረም። የዘንድሮውን በባዶዎቹ ካልሆነ አልፈርምም።»

«ራቢያ፣ የልጅሽ ጉዳይ አላለቀም አይደል?»

ይህን ሲል ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። ያን ጊዜ ነው የጠላሁት፤ ከዚያ በፊት አልጠላሁትም።

«አላለቀም» አልኩት።

በሁለት ሳምንቱ ሥራ ቀንሷል ተባልኩ፤ የግሬግ ደብዳቤም ከሥራው ጋር ዋጋ አጣ። የሁለቱንም ዓመት ነገር በአንድ ገጽ ጽፌ ፈቃዱን ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት በፖስታ ላክሁ። ደርሶናል የሚል ካርድ መጣ። ከዚያ ወዲያ ምንም አልሰማሁም። ፋብሪካው ይሥራ፣ ይቁም፣ አላውቅም። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ዓመት ዘግይቻለሁ፤ ያንን አንድ ዓመት የሚመልስ የለም።

ለጫልቱ ሁሉንም ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ሻይዋን አስቀመጠችና «ደብዳቤው የግድ ካንቺ አሠሪ ብቻ ነው መምጣት ያለበት እንዴ?» አለች።

«ሌላ ሰው አብሮ ተጠያቂ ነኝ ብሎ መፈረም ይችላል። ግን ከባድ ነው ጫልቱ፤ ዘመድ ካልሆነ ማንም…»

«እኔ ምንሽ ነኝ?»

ጓዳ ገብታ እስክሪብቶ ይዛ ተመለሰች።

«ወረቀቱን አምጪው።»

በሁለት ሥራዋ፣ በሚያብጡት እግሮቿ ላይ የእኔን ልጅ ፈረመችልኝ። እኔ በዚያው ወር አውሮፕላን ጣቢያ መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች በዊልቸር መግፋት ጀመርኩ።

የፊርዶስ የቪዛ ቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ፣ ኤምባሲው ውስጥ ነበር። ጦይባ ፊርዶስን ይዛ በአውቶቡስ ከወሎ ወረደች። ልጄ አሥር ዓመት ሆኗታል። የሆነውን የነገረችኝ ጦይባ ናት። መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ በአስተርጓሚ ፊርዶስን ጠየቃት።

«እናትሽ ማን ናት?»

ፊርዶስ ወደ ጦይባ አመለከተች። «ይቺ።»

«ፊርዶስ!» አለች ጦይባ።

«እሺ፣ ያቺም ናት።»

«ያቺ የትኛዋ?»

«የስልኳ።»

አስተርጓሚው ሳቀ ይባላል። ሰውዬው አልሳቀም፤ የዲኤንኤ ምርመራ የሚጠይቅ ወረቀት ሰጥቶ መለሳቸው። ጦይባ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ እማ ስትለኝ ዝም ብዬ፣ እኔ ነኝ» እያለች ታለቅስ ነበር። አብሽሪ አልኳት። ያሳደገቻት እሷ፣ ይቅርታ የምትጠይቀውም እሷ።

ጉንጬን በጥጥ ጠረጉ፤ የልጄንም እዚያ ጠረጉ። ውጤቱ ወጣ፤ እናቷ ነኝ። ወረቀት ላይ ማንም የማይክደው እናቷ ነኝ። ቪዛው በቅርቡ ይመታል አሉን።

ባለፈው ሳምንት በዕረፍቴ ሰዓት አውሮፕላን ጣቢያው ውስጥ፣ ባዶ ዊልቸሮች የሚደረደሩበት ጥግ ቁጭ ብዬ ደወልኩ። እዚያ ማታ መሆኑ ነው። ፊርዶስ ራሷ አነሳችው፤ ከጀርባዋ ጦይባ ዕቃ ስታጥብ ይሰማል።

«ራቢያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቂኝ የኔ ዓለም።»

«ስመጣ ጦይባም አብራኝ ትመጣለች አይደል?»

ይህን ጥያቄ ስድስት ዓመት ሙሉ አስቤው አላውቅም። እንዴት እንዳላሰብኩት አላውቅም።

«የሷ ወረቀት ሌላ ነው። እህት በሌላ መስመር ነው የምትጠራው። መጀመሪያ እኔ ዜጋ መሆን አለብኝ፤ ከዚያ…»

«ስንት ዓመት?»

«ብዙ ነው፣ ፊርዶስ።»

«እኔ አሥር የሆንኩትን ያህል?»

«ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።»

የዕቃው ድምፅ ቆመ። ጦይባ እየሰማች ነው። ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ክፍሉ ግን አንድ ነው፣ ዝቅ ቢልም ይሰማል።

«ታዲያ እሷ ከማን ጋር ትተኛለች?»

በድምፅ ማጉያው የአንድ በረራ ቁጥር ተጠራ። ሱፐርቫይዘሬ ከሩቅ እጁን አወዛወዘልኝ፤ የሚገፋ ሰው መጥቷል። ተነሳሁ፤ ስልኩን ግን ከጆሮዬ አላነሳሁትም። እነሱም አልዘጉትም።